የሁዳዴው ቅርጫት ኳስ

በዚያ ዓመት ቡድናችን ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት አራት ጊዜ ተጫውቶ አራቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ይህን ስናገር ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ አንጀቴ ቅጥል ይላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባባ፣ ስንቱን አይተው፣ ጣልያን መጥቶ ሲሄድ አይተው፣ የሚያንገበግብዎት የተማሪ ኳስ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ እሱ ነው። ጣልያን የመጣው በሁላችንም ላይ ነው፤ ይሄኛውን ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የማወራው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስለነበረው ጊዜ ነው። አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። ከተማ ትባል እንጂ ባቡር ጣቢያው፣ ጉምሩኩ፣ የግሪክና የዓረብ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ የሳር ጎጆ፣ ግራርና አቧራ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ዓይን አያስገልጥም። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ዳር ሚሲዮኖች የከፈቱት ነበር። አርባ ያህል ተማሪዎች ነበርን፣ ግማሾቻችን አዳሪ። አስተማሪያችን ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ነበር። ያን ጊዜ ፈረንጅ ወንድ ሁሉ «ሙሴ» ነበር የሚባለው፤ እኛም ሙሴ እንለው ነበር።

ቅርጫት ኳስን ያመጣብን ይኸው ሙሴ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተከለ፣ ገበያ ወጥቶ ሁለት ቅርጫት ገዛ፣ ታች ታቻቸውን ቀዶ ግንዶቹ ጫፍ ላይ ቸነከራቸው። የሸጠችለት ሴትዮ ደኅናውን ቅርጫት እዚያው በቢላዋ ሲቀደው አይታ አማተበች አሉ። ኳሱ አንድ ብቻ ነበር፤ በፈነዳ ቁጥር ጫማ ሰፊው ጋ ይሄዳል፣ ከተሰፋ በኋላ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። እኛ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር።

እኔ አልጫወትም። ሁለት ክረምት ንዳድ ይዞኝ ቆዳና አጥንት አድርጎኝ ነበር። ሙሴው አንድ ቀን ሞከረኝና ሁለት ዙር ሳልሮጥ ተቀመጥኩ። «አንተ አጨብጭብ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። እሺ፣ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ደግሞ እንደ ማንም አይደለም። የገናን ጨዋታ ዜማ ወስጄ ግጥሙን ለኛ ልጆች እገጥምላቸዋለሁ፣ ተማሪው ይቀበለኛል፣ እፎክራለሁ፣ ተቃራኒውን እሰድባለሁ። ጨዋታ በነበረ ማግስት ድምፄ ተዘግቶ በምልክት ነበር የማወራው። እኔ ያለሁበት ቡድን እንዴት ይሸነፋል እያልኩ የምናደድ ሞኝ ነበርኩ።

ለምን እንደምንሸነፍ ለመረዳት ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። ቡድናችን ርቦት ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከጥምቀት በኋላ ከጣቢያው ሠራተኞች ጋር ስንጫወት ረመዳን ነበር፤ ከአምስቱ ተጫዋቾች ሁለቱ ሙስሊሞች ስለሆኑ ምራቃቸውን እንኳ እየፈሩ ነበር የሚሮጡት። ተሸነፍን። በባቡር ሞጆ ሄደን ሁለተኛውን ስንጫወት ረመዳኑ ወጣ፣ ሁዳዴ ገባ። ሙስሊሞቹ ጠገቡ፣ እኛ ጾምን። አሁንም ተሸነፍን። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ የሚሲዮኑን ሃይማኖት የተቀበለ ነው፤ ይበላል። ሌላው ኦርቶዶክስ ነኝ ይላል እንጂ ከሙሴው ጓሮ የዶሮ እንቁላል ሲጠባ ያየሁት እኔ ነኝ። የሚጾመው ዋናው ነበር፤ ረጅሙ።

ረጅሙ ጓደኛዬ ነበር። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። ከመንዝ የመጣ፣ ከሙሴው በአንድ ስንዝር የሚበልጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ኳሱ እጁ ከገባ የሚቀማው አይገኝም፤ ከቅርጫቱ ሥር ደርሶ እንደ ቀልድ አስቀምጦት ይመለሳል። እናቱ ሞታ ያሳደገው አጎቱ ነው። አጎቱ የአዳማ ጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ጥምጣሙ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው። ልጁን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስገባው ሌላ ትምህርት ቤት ስለሌለ ነው እንጂ ወዶ አልነበረም። ረጅሙ ግን ትምህርቱን ይወደው ነበር። የጣቢያው የቴሌግራፍ ሹም «ፈረንሳይኛህን አጥራና ከክረምቱ በኋላ ና፣ አጠገቤ አስቀምጬ አሠራሃለሁ» ብሎት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ጣ ጣ ይሉ ነበር፤ ገና ሳይገባበት ይለማመዳል።

ሁዳዴን እንዴት እንደሚጾም ልንገራችሁ። ሌሎቻችን የኦርቶዶክስ ልጆች እስከ ስድስት ሰዓት ጾመን እንደ ምንም እናመካኝ ነበር፤ አንዱ ሆዴን፣ አንዱ ራሴን ይላል። እኔ ንዳዴን ነበር የማመካኘው። እሱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ በአፉ አይዞርም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ እንጀራ በሽሮ ይበላል፤ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ያችው ናት። ጨዋታው ደግሞ ሁልጊዜ በሰባት ሰዓት ነው። ምክንያቱም ባላጋራዎቻችን ጠዋት በባቡር መጥተው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሚያልፈው ባቡር መመለስ አለባቸው። ሙሴውን «ሰዓቱን ወደ ማታ አድርግልን» ብለን ለምነነው ነበር፤ «ባቡሩን ለምኑት» አለን። ምን ይደረጋል፣ ባቡር አይለመንም።

ሦስተኛው ጨዋታ ከአዋሽ ልጆች ጋር፣ በኛው ሜዳ ነበር። ሙቀቱ ምድጃ ነው። ረጅሙ መጀመሪያ ላይ ሦስት አገባ፣ እኔም ዘፈኔን አሟሟቅኩት። ከዚያ እግሩ መተሳሰር ጀመረ። ኳስ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፣ ኳሱ በጎኑ አልፎ ሄደ፣ እሱ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ። ግንባሩ መሬት ሲመታ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሮጠን ደረስን። ሙሴው የልጁን ራስ ደግፎ ፊቱ ላይ ውኃ አፈሰሰበት። ነቃ፤ እንደነቃ ከንፈሩ ላይ የደረሰውን ውኃ እንትፍ አለ። ሙሴው ተናደደ። ከቤቱ አንድ ኩባያ ወተት አስመጥቶ አፉ ላይ ደቀነው። ረጅሙ ጥርሱን ገጥሞ ራሱን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። «ትሞታለህ፣ የማትረባ» ይላል ሙሴው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከአጥር ውጭ የቆመው የከተማ ሰው ሁሉ ወተቱን አየ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ከተማ ደረሰ። ሚሲዮኖቹ የጉምሩኩን ጸሐፊ የእህት ልጅ ይዘው በሁዳዴ በግድ ወተት ጋቱት ተባለ። በማግስቱ አጎቱ መጣ። ግቢ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ሙሴውን አስጠራው። አማርኛው ሲያቅተው እንዳግዘው ብሎ ሙሴው እኔን ይዞኝ ሄደ፣ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«ይህን ልጅ ከሟች እህቴ እጅ ነው የተቀበልኩት» አለ አጎቱ። «ከሃይማኖቱ እንዳይወጣ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። ትምህርቱን አልጠላሁም። ነገር ግን በዚህ ግቢ ጾም ገደፈ የሚል የሰማሁ ለት፣ ወደ መንዝ ነው የምሰደው። ሁለተኛ ከኳሱ ሜዳ ላይ ወደቀ ሲባል የሰማሁም ለት እንደዚያው ነው። እንድትገድሉብኝም አልሰጠኋችሁም።»

ሙሴው ሲገባው ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ። አይበላ፣ አይወድቅ። እንዴት ነው የሚሆነው?

ለአራተኛው ጨዋታ ሙሴው ረጅሙን አስቀመጠው። ያለ እሱ የደረሰብንን አላወራውም። ተማሪው ዘፈኔን መቀበል ትቶ አንድ በአንድ ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ ሲያልቅ ሜዳው ዳር ብቻዬን ነበርኩ። ረጅሙ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ነበር።

«የመጨረሻውን እጫወታለሁ» አለኝ። የመጨረሻው ከድሬዳዋ ልጆች ጋር ነው፤ ከሆሳዕና በፊት ባለው ረቡዕ። «ለጋሼ ነግሬዋለሁ። በዓይኔ መጥቼ ልይህ ብሎኛል። ከወደቅኩ ከዚያው ይዞኝ ሊሄድ፣ ካልወደቅኩ ልማር።»

«ብትተወውስ?» ማለት ነበረብኝ። ጓደኛ እንደዚያ ነው የሚለው። ኳሱን ቢተው ማንም አይነካው፣ ቁጭ ብሎ ተምሮ ቴሌግራፉ ጋ ይደርስ ነበር። እኔ ያልኩት ግን «ለምን ይሄን ያህል?» ነው፤ ያውም ልቤ እየፈነጠዘ።

«በቁመቴ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ነው ያደግኩት» አለ። «እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው ለአንድ ነገር የጠቀመኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ነገር ነበር የሚያባንነኝ። አንደኛው እሱ ወድቆ አጎቱ እጁን ይዞ ሲወስደው ይታየኛል። ሁለተኛው፣ እውነቱን ልናገር እንጂ፣ አምስተኛም መሸነፋችን ነው። ለሱ ብዬ ነው ያደረግኩት እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን አታልያለሁ። ማሸነፍ ፈልጌ ነበር። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ድምፄ ተዘግቶ ማሸነፍ።

እናቴ አዳሚ ቱሉ ነው ያለችው፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ። በቅበላ ሰሞን በነጋዴ እጅ አንድ ቅል ጩኮ ልካልኝ ነበር፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ በተነጠረ ቅቤ የታሸ። አገራችን መንገደኛ የሚይዘው እሱን ነው፤ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም፣ አንድ ጉርሻው ቀኑን ሙሉ ያቆማል። ነጋዴው ዘግይቶ ጾሙ ከገባ በኋላ ስለደረሰ፣ ለፋሲካ ብዬ ቅሉን ከነክዳኑ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬው ነበር። እሑድ ለት ስንተኛ ሽታው አፍንጫዬ ላይ መጣና ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በቀን አንዴ የሚበላት ያች እህል ውስጥ አቅም የሚሰጥ ነገር ቢኖርስ? ሰዓቱን አላስጥሰውም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የምሰጠው። ሳያውቅ የበላ ሰው ደግሞ ምን ኃጢአት አለበት? ያበላ እንጂ። በኔ ይሁን አልኩ። በራሴ ላይ ኃጢአት መሸከሜ ትልቅ ሰው ያደረገኝ መስሎኝ ኮራሁ ሁሉ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ቅሉን ይዤ ሄድኩ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ጩኮ ነው። እናቴ ልካልኝ።»

«ጩኮ በቅቤ አይደለም እንዴ የሚታሸው?»

«ይሄ የጾም ነው። በኑግ ዘይት ነው ያሸችው።» ዓይኑን ማየት አቅቶኝ የቅሉን ክዳን ስነካካ ቆየሁ።

በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ጎረሰ። አላመጠ። ብዙ ጊዜ አላመጠ። ከዚያ «የእናትህ እጅ ይባረክ» አለኝና ሌላ ጎረሰ። ሰኞም ማክሰኞም በላ። ማክሰኞ ቅሉን በጣቱ ጠረገው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ወይ ሞኝነቴ።

ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ የድሬዳዋ ልጆች ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው ሜዳ ገቡ። የኛዎቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። አጎቱ ከአጥሩ ውጭ ግራር ሥር ቆሟል፤ ግቢ ላለመግባት ምሏልና። ዳኛው ራሱ ሙሴው ነበር፣ ለኛ አዳላ እንዳይባል በኛ ላይ የሚያዳላ። እኔ ዘፈኔን ጀመርኩ፣ ግን ዓይኔ ኳሱ ላይ አልነበረም። እግሮቹን ነበር የማየው። ይተሳሰሩ ይሆን? አሁን? አሁንስ? ሲዘል ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሲያርፍ እለቃለሁ። እነሱ ሲያገቡ እኛ ስናገባ፣ እነሱ ሲቀድሙ እኛ ስንደርስ ቆይተን፣ መጨረሻው ሲቃረብ እኩል ሆንን። አንዱ ሙስሊም ልጃችን ኳሱን ወደ ላይ ወረወረለት። ረጅሙ ከሁለት ልጆች መሀል ተነሥቶ በአንድ እጁ ያዘው፣ አዙሮ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተው። ሙሴው ፊሽካውን ነፋ።

አሸነፍን። በዚያ ዓመት አንዴ አሸነፍን። እኔ አለቅስ ነበር። ተማሪው ረጅሙን ተሸክሞት ሲዞር አጎቱ ከግራሩ ሥር በእጁ ጠራው። ከትከሻቸው ወርዶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አጎቱ ግንባሩን ሳመው፣ በነጠላው ጫፍ ላቡን ጠረገለት። «ጾመህ እንዲህ ከሆንክ እናትህ አታፍርብኝም» አለው። «ተማር። እስከ ክረምት ተማር።» ረጅሙ አንገቱን ደፋ። እኔ ደስታ ነው ያቀረቀረው ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምን ነበረበት። ዝም ብል ኖሮ።

ሕማማት ሲገባ ንዳዴ ተነሣብኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ሳለሁ፣ ብሞትስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያ በራሴ ላይ ይሁን ብዬ የኮራሁበት ኃጢአት አሁን ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ሰው ጾም አስገድፌ፣ ያውም በውሸት፣ ሳልናዘዝ ልሞት ነው። ረጅሙ በሕማማቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከኔ አጠገብ ይሰግዳል፤ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ወዲያ አዞራለሁ። ለሱ አዝኜ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነው የፈራሁት።

ስቅለት ለት ከጠዋት ጀምሮ ሲሰገድ ይዋላል። ወደ ማታ ስግደቱ ሲያልቅ ካህናቱ የወይራ ዝንጣፊ ይዘው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ተራ በተራ ጎንበስ ብሎ ያጠፋውን ለቄሱ ይናገራል፣ ቄሱ ጀርባውን በወይራው ጠብ ጠብ አድርገው ስንት እንደሚሰግድ ይነግሩታል። ሰው ያን ቀን በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። የኔ ተራ የደረሰው ጆሯቸው ከበድ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዘንድ ነው። ሰልፉን ቀይሬ ሌላ ጋ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ወባው አቅም አሳጥቶኝ፣ ቶሎ ልገላገል አልኩ።

«ጾም አስገድፌአለሁ፣ አባ» አልኩ በዝግታ።

«እ? ጮክ በል፣ ልጄ።»

«ጾም አስገድፌአለሁ። ሰው።»

«ማንን?»

«ጓደኛዬን። ከመንዝ የመጣውን ረጅሙን ልጅ። የጾም ነው ብዬ ቅቤ አብልቼዋለሁ። ኳስ እንዲያሸንፍልን ብዬ። እሱ አያውቅም።»

ቄሱ ወይራውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉና «እሱ ሳያውቅ ስለሆነ ዕዳው ያንተ ነው። አርባ አንድ ስገድ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አሉኝ። ቀና ስል ከኋላዬ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ የጉምሩኩ ጸሐፊ ነበር።

አልጮኸም። ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ያልከው እውነት ነው?» አለ። ውሸት አልመጣልኝም፤ ገና ከወይራው መነሣቴ ነው። «እውነት ነው፣ ጋሼ። ግን እሱ አያውቅም፣ እምልልዎታለሁ፣ እሱ ምንም አያውቅም» አልኩት። ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቄሱ ተመለሰ። የሰገድኩትን አርባ አንድ ስግደት እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም።

በፋሲካ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ተንበረከክሁ። አንሥቶ አስገባኝ፣ ከሰው ጋር አስቀመጠኝ፣ በእጁ አጎረሰኝ። «ብላ፣ ታመሃል፣ ከስተሃል» ይለኛል። እየዋጥኩ ለመንኩት። የኔ ጥፋት ነው፣ እሱ ንጹሕ ነው፣ ቄሱም ዕዳው ያንተ ነው ብለውኛል አልኩት።

«ቄሱ ልክ ናቸው» አለ። «እኔ ልጁን አልቀጣም። ግን ዛሬ በማያውቀው ቅቤ ያበሉታል፣ ነገ ማተቡን ያስበጥሱታል። ለእህቴ ምን እላታለሁ? አንተም ልጅ ነህ፣ አልተቀየምኩህም። ብላ።» ሌላ ጉርሻ ሰጠኝ። የአጎቱ ደግነት ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እመርጥ ነበር፤ የሚሰድብ ሰው ሊለመን ይችላል።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው ባቡር ሊሄድ ነው፤ ከዚያ በበቅሎ መንዝ። ሙሴው ጣቢያ አልመጣም፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ የረጅሙን አልጋ ራሱ ሲያጥፍ ትቼው ወጣሁ። አጎቱ ትኬት ሊቆርጥ ሄዶ እኔና ረጅሙ ብቻችንን ቆምን። አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዟል። እስከዚያ ድረስ አላናገረኝም ነበር፤ እኔም እንዴት ብዬ ላናግረው። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዴ ያዘኝ።

«ተው» አለ። «ቅቤ መሆኑን አውቄአለሁ።»

አልገባኝም። «አጎትህ ነገሩህ?»

«ሰኞ ለት፣ የመጀመሪያውን ስጎርስ። መንዝ ተወልጄ ቅቤና ኑግ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን በላህ?»

«ርቦኝ ነበራ» አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ኀፍረት፣ እግዚአብሔር ለጠላቴም አያሳየው። «በጣም ርቦኝ ነበር። ሳላውቅ የበላሁ መምሰሌን ወደድኩት። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለንስሐ አባቴ ለብቻቸው ልነግራቸው ነበር። ለጋሼ ማንም አይነግረውም ብዬ ነበር። ዝም ትላለህ ብዬ ነበር።»

ባቡሩ ከወደ አዋሽ ሲመጣ ይሰማል፤ ሰው ከረጢቱን፣ ዶሮውን፣ ልጁን እያነሣ ተገፋፋ። አጎቱ ትኬቱን ይዞ እየመጣ ነው።

«ለመሆኑ ቀለለህ?» አለኝ ረጅሙ። እያሾፈ አልነበረም፤ የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው። «ከተናገርክ በኋላ፣ ቀለለህ?»

«አዎ» አልኩት። እውነቴን ነበር። የስቅለት ማታ አርባ አንዱን ሰግጄ ስመለስ፣ እሱ አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።